ያገለገለ ላፕቶፕ ውስጥ የቀረውንና የተደበቀውን እንዴት እንፈትሽ?

አዲስ አበባ ውስጥ «ያገለገለ» ወይም «የታደሰ» ተብለው ከሚሸጡት ላፕቶፖች መካከል ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኢሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ በብዛት ይገኛሉ። ሦስቱም ለመሥሪያ ቤት ሥራ ታስበው የተሠሩ ጠንካራ ማሽኖች ናቸው። የውጭ አገር ኩባንያዎች ለጥቂት ዓመታት ይገለገሉባቸውና በጅምላ ይሸጧቸዋል፤ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተዘዋውረው፣ ተወልውለው፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ግን ደካማ ላፕቶፕ ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ። ሆኖም እርስዎ እጅ ከመግባታቸው በፊት ቢያንስ ሁለት ሰው ነክቷቸዋል፤ የቀድሞው ባለቤትና ዊንዶውሱን የጫነው ባለሙያ። ሁለቱም ትተውት የሄዱት ነገር ሊኖር ይችላል።

የሰው ፋይል ዲስክ ላይ ቀርቶ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የነበሩት ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ሰብስበው መርምረው ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያሳትሙ፣ መሥራት ከቻሉት 129 ዲስኮች ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ትልልቅ ተቋማትም ከዚህ አያመልጡም። የአሜሪካው ሞርጋን ስታንሊ የደንበኞቹን መረጃ የያዙ አሮጌ መሣሪያዎችን በአግባቡ ሳያስጸዳ በማስወገዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ላቀረበበት ክስ 35 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ብዙ ገዢ ላፕቶፑን ቤት ወስዶ ጸረ ቫይረስ ያስነሳና «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያይ ይረካል። ይህ አይበቃም። ዲስኩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሊጠፋ ይችላል። ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ውስጥ የተቀመጠ የይለፍ ቃልና በቀድሞው ድርጅት መዝገብ ላይ የቀረ ምዝገባ ግን ላፕቶፑ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም። ስለዚህ የማይጠፋውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ የሚጠፋውን ደግሞ ቤት ከገቡ በኋላ ይመልከቱ። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተልም ይኸው ነው።

መደብሩ ውስጥ፦ ከመክፈልዎ በፊት

ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር፣ ይግቡ። ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀዎትና ሻጩ ካላወቀው ያንን ላፕቶፕ ይተዉት። «በኋላ እናስወግደዋለን» የሚል ተስፋ አይቀበሉ። ቲንክፓድ ላይ የአስተዳዳሪው የባዮስ ይለፍ ቃል ከጠፋ፣ ሌኖቮ ራሱ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው።

ባዮሱ ከተከፈተ በ«ሴኩሪቲ» ክፍል ሥር «አብሶሉት» ወይም በቀድሞ ስሙ «ኮምፒውትሬስ» የሚል ነገር ይፈልጉ። ይህ ኩባንያዎች የጠፋ ላፕቶፕ ለመከታተል የሚጠቀሙበት አገልግሎት ነው። መነሻው ባዮሱ ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስ አዲስ ቢጫንም ራሱን መልሶ ይተክላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይለዩ። አገልግሎቱ እንዲሠራ መፈቀዱና በእርግጥ ሥራ ላይ መሆኑ ይለያያሉ፤ ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ተፈቅዶላቸው ነገር ግን ሳይነቃ ይወጣሉ። ማየት ያለብዎት አሁን ያለበትን ሁኔታ ነው። «አክቲቭ» ወይም «አክቲቬትድ» ካለ፣ ድርጅቱ ላፕቶፑን ከመዝገቡ አልፋቀውም ማለት ነው፤ የተሰረቀ ሊሆንም ይችላል። «ፐርማነንትሊ ዲሴብልድ» ካለ ደግሞ ለዘለቄታው ተዘግቷልና በዚህ በኩል አያስቡ።

ባዮሱ ላይ እያሉ የመለያ ቁጥሩን ከላፕቶፑ ጀርባ ከተለጠፈው ጋር ያመሳክሩ። ሁለቱ ከተለያዩ ማዘርቦርዱ ወይም የሥሩ ክዳን ተቀይሯል፤ ሻጩ ያስረዳዎት። ዴል ከሆነ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለውን «ሰርቪስ ታግ» ስልክዎ ላይ በዴል የድጋፍ ገጽ ቢያስገቡ የላፕቶፑን ትክክለኛ ሞዴል ያገኛሉ። ደረሰኙ ላይም ይኸው ቁጥር እንዲጻፍልዎ ያድርጉ።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሻጮች የማያነሡት ነው። ማይክሮሶፍት «ኦቶፓይለት» የሚባል አሠራር አለው። ድርጅቶች የላፕቶፖቻቸውን የሃርድዌር መለያ በስማቸው ያስመዘግባሉ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖበት ገና ሲነሣ ኢንተርኔት ካገኘ፣ የድርጅቱን ስም ያወጣና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። መዝገቡን መሰረዝ የሚችለው ያው ድርጅት ነው። ባለሙያው ዊንዶውሱን ያለ ኢንተርኔት ጭኖት ከሆነ ጉዳዩ መደብር ውስጥ አይታይም፤ ከወራት በኋላ እርስዎ ፎርማት ሲያደርጉት ብቅ ይላል። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አካውንትስ»፣ ከዚያ «አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል» የሚለውን ከፍተው የተያያዘ ድርጅት መኖሩን ይመልከቱ። ባዶ መሆኑ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። እርግጠኛው መንገድ ዊንዶውሱን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መልሶ፣ በስልክ ሆትስፖት ከኢንተርኔት አገናኝቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማየት ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ሻጩ እምቢ ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ «የድርጅት መቆለፊያ ከተገኘበት ይመለሳል» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ ያጽፉ። ይህን ለመጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ጋር ገንዘብዎን ባይተዉ ይሻላል።

ማክቡክ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ተጠርጎ ሲነሣና ከዋይፋይ ሲገናኝ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ካወጣ የድርጅት ንብረት ነው፤ የሌላ ሰው የአፕል መለያ ከጠየቀ ደግሞ በዚያ ሰው ስም ተቆልፏል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን አሮጌ ላፕቶፕ ይዞልዎ ሊመጣ ከሆነ፣ ከመነሣቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል ከመዝገብ እንዲፍቁት ይጠይቅ። እዚያ በአንድ ኢሜይል የሚያልቀው ጉዳይ እዚህ ከደረሰ በኋላ ብዙ ጣጣ አለው።

የፕሮሰሰሩንም ትውልድ እግረ መንገድዎን ይዩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ 8350 ካለ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ 7300 ካለ ሰባተኛ። የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ላፕቶፕ ዛሬ ንጹሕ ቢሆንም ነገ የተጋለጠ ነው።

ቤት፦ ኢንተርኔት ሳይነካው

ላፕቶፑን ከዋይፋይ ሳያገናኙ ያብሩት። ኢሜይልዎን፣ የባንክ አካውንትዎን፣ የሥራ ፋይል ያለበትን ፍላሽዎን ገና አያስጠጉ። የተደበቀ ፕሮግራም ካለ የሚፈልገው መገናኛና የሚሰርቀው ነገር ስለሆነ ሁለቱንም ይንፈጉት።

በመጀመሪያ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ከፍተው «ኢንስቶልድ ኦን» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቀን ያንብቡ። ቀኑ የቅርብ ከሆነ ዊንዶውሱን የጫነው መደብሩ ሊሆን ይችላል። ዓመታት ያለፈው ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ዊንዶውስ እንዳለ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ መደብሮች አንድ ጊዜ ያዘጋጁትን ዲስክ ወደ ሌሎቹ ስለሚገለብጡ የቆየ ቀን ብቻውን አይፈረድበትም፤ ከሚቀጥለው ጋር አብሮ ይታይ።

«ፋይል ኤክስፕሎረር» ውስጥ «ቪው»፣ «ሾው» ብለው የተደበቁ ፋይሎችና የፋይል ስም ቅጥያዎች እንዲታዩ ያድርጉ። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ቅጥያው ሲደበቅ «ደሞዝ.ፒዲኤፍ» መስሎ የሚታየው ፋይል፣ ሲገለጥ «ደሞዝ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ሰነድ መስሎ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለውን ማኅደር ይክፈቱ። «ፐብሊክ»፣ «ዲፎልት» እና እርስዎ የገቡበት ስም የሚጠበቁ ናቸው። ከእነዚህ ውጪ የሰው ስም ካለ የቀድሞ ተጠቃሚ ነው። «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚል ማኅደር ካገኙ ደግሞ ዲስኩ ሳይጠረግ አዲሱ ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ተጭኗል፤ የቀድሞው ሰው ሰነዶችና ፎቶዎች እዚያው ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ ድራይቭ ካለና ሪሳይክል ቢኑ ባዶ ካልሆነ እነሱንም ይዩ። በ«ሲስተም» ሥር ያለው «ስቶሬጅ» ቦታው በምን እንደተያዘ ይዘረዝራል፤ «አዘር ፒፕል» በሚለው መስመር ላይ ብዙ ጊጋባይት ካሳየ ሌላ ተጠቃሚ አሁንም አለ።

የሰው ፋይል ካገኙ አይክፈቱት። ፋይሉ ወጥመድ ሊሆን ስለሚችል ብቻ አይደለም። የፓስፖርት ቅጂ፣ የሕክምና ውጤት፣ የቤተሰብ ፎቶ የዚያ ሰው ነው፤ ላፕቶፑን ሲገዙ እነሱን አልገዙም። ለጓደኛ ማሳየትም ሆነ ገልብጦ ማስቀመጥ ነውር ነው። ሳይከፈት ይጥፋ። ሕፃናትን የሚያሳይ የብልግና ምስል ዓይንዎ ላይ ከወደቀ ግን እዚያው ያቁሙ፤ አይገልብጡት፣ ለማንም አይላኩት፣ ላፕቶፑን አጥፍተው ለፖሊስ ያሳውቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ምስል ይዞ መገኘትንም ወንጀል አድርጎታል።

አጠራጣሪውን ፍለጋ

በአገራችን ገበያ ዋናው ሥጋት፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ የቀድሞው ባለቤት ሳይሆን ክራክ ነው። ዊንዶውሱን ወይም ኦፊሱን ያለ ፈቃድ የሚያነቃው ፕሮግራም እንዲሠራ መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱ ይዘጋል፤ በተዘጋበት ሰዓት አብሮ ምን እንደገባ የጫነው ሰው ራሱ አያውቅም።

ይህን ለማወቅ በ«ሲስተም» ሥር «አክቲቬሽን» የሚለውን ይክፈቱ። በ«ዲጂታል ላይሰንስ» ነቅቷል የሚል ከሆነ በአብዛኛው ደኅና ነው። «በድርጅትዎ የማንቂያ አገልግሎት ነቅቷል» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ካገኙና ላፕቶፑ የግልዎ ከሆነ፣ ያ «ድርጅት» በአብዛኛው ክራኩ ነው። ይህ ዓይነቱ ማንቂያ 180 ቀን ብቻ ስለሚቆይ፣ እንዲታደስ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም እዚያው ይተዋል።

ቀጥሎ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ከፍተው ወደ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሴቲንግስ» ይግቡና ወደ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ይህ ዝርዝር ጸረ ቫይረሱ እንዳያያቸው የተነገሩትን ማኅደሮች የያዘ ነው፤ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ባዶ መሆን አለበት። አንድ ማኅደር ተጽፎ ካገኙ ስሙን ይያዙና ሄደው ውስጡን ይዩ። አንዳንድ ጊዜ ሲ ድራይቭ እንዳለ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ባለ ላፕቶፕ ላይ ስካን ማድረግ ዘበኛ ቀጥሮ ዓይኑን እንደማሰር ነው፤ «ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ ዋጋ የለውም። «አላውድ ትሬትስ» የሚለውንም አይዝለሉ፤ ጸረ ቫይረሱ ይዞት ሰው «ተወው» ያለው ነገር እዚያ ይመዘገባል።

የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ሲያዩ ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ አልትራቪወርና ረስትዴስክን ይፈልጉ። ሁሉም ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው ለመርዳት ይጠቀሙባቸዋል። ያለ ሰው ፈቃድ እንዲከፈት ቋሚ የይለፍ ቃል ተሰጥቶት የቀረ ከሆነ ግን በሩ ክፍት ነውና ያጥፉት። «አካውንትስ» ሥር «አዘር ዩዘርስ» ውስጥ የማያውቁት ስም፣ በተለይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው፣ መኖሩንም ይዩ።

«ታስክ ማኔጀር» ውስጥ ላፕቶፑ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ይመልከቱ። የፕሮግራሙ ስም ብቻ አያሳምንዎ፤ ቦታውን ይጠይቁ። «ኤስቪሲሆስት» የዊንዶውስ እውነተኛ አገልጋይ ነው፤ ብዙ ቅጂ ሆኖ መታየቱም የተለመደ ነው። በቀኝ አዝራር ነክተው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ሲሉ «ሲስተም 32» ማኅደር ውስጥ ካደረሰዎ ደኅና፤ «ቴምፕ» ወይም «ዳውንሎድስ» ውስጥ ካደረሰዎ ስሙን የተዋሰ ሌላ ፕሮግራም ነው። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ሰው ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው «ኦቶረንስ» አለ። ከሚታመን ኮምፒውተር በባዶ ፍላሽ አምጥተው ያስነሡት፤ የማይክሮሶፍትን የራሱን ዝርዝር ሲደብቁ የቀረው አጭር ይሆናል። ሮዝ ቀለም ያለው መስመር የአምራቹ ማንነት ያልተረጋገጠ፣ ቢጫው ደግሞ ፋይሉ የጠፋ ነው። ሮዝ ሁሉ ቫይረስ ባይሆንም ፍለጋው የሚጀምረው ከእሱ ነው።

«ሲስተም 32» ውስጥ «ድራይቨርስ»፣ ከዚያ «ኢቲሲ» ቢገቡ «ሆስትስ» የሚባል፣ የድረ ገጽ አድራሻ ወደየት እንደሚመራ የሚወስን ትንሽ ፋይል አለ። በኖትፓድ ይክፈቱት። በ# ምልክት የሚጀምሩት መስመሮች ማብራሪያ ናቸው። ያለዚያ ምልክት የባንክ፣ የማይክሮሶፍት ወይም የጸረ ቫይረስ ድርጅት አድራሻ ተጽፎ ካገኙ፣ ሰው ሆን ብሎ መንገድ አዙሯል።

ብራውዘሩ ላይ የማያውቁት ተጨማሪ ፕሮግራምና የተቀመጠ የሌላ ሰው ይለፍ ቃል መኖሩን አይተው ይለፉ። የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ያለው «ፕሮክሲ»፣ ማለትም ግንኙነትዎን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈው፣ መዘጋቱንም ያረጋግጡ። አጠራጣሪ ነገር ከፋብሪካ ጭምር ሊመጣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች «ሱፐርፊሽ» የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ተጭኖባቸው መሸጣቸው ታውቆ ነበር። ፕሮግራሙ የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጥ የራሱን ሰርተፊኬት ተክሎ የተመሠጠረውን ግንኙነት ያነብ ነበር።

አሁን ኢንተርኔት ይክፈቱ፣ ጸረ ቫይረሱን ያድሱ፣ ከስካን አማራጮች ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ይምረጡ። ላፕቶፑ ራሱን አጥፍቶ ዊንዶውሱ ሳይነሣ ይፈተሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ምንም ባይገኝም ይጥረጉት

ፍተሻው ንጹሕ ቢወጣም ዊንዶውሱን አዲስ ይጫኑ። እስካሁን ያየነው ላፕቶፑን ለማስቀመጥ ወይም ለመመለስ እንዲወስኑ ነው፤ አንድ በአንድ እየለቀሙ ማጽዳት አስተማማኝ አይደለም። «ሪሴት» የሚለው አማራጭም እዚያው ዲስክ ላይ ያለውን ዊንዶውስ መነሻ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ለተጠረጠረ ላፕቶፕ አልመርጠውም።

በሚያምኑት ሌላ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» ያውርዱና ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁ። የሚወርደው በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከመሞከር ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሂዱ። ላፕቶፑን በፍላሹ ለማስነሣት ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ይጫኑ። የዲስኩ ክፍሎች ተዘርዝረው ሲመጡ አንድ በአንድ ሁሉንም ያጥፉ፤ «አንአሎኬትድ ስፔስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲቀር ይቀጥሉ። ባዮሱ «ሴኪዩር ኢሬዝ» ወይም «ዳታ ዋይፕ» የሚል አማራጭ ካለው ከዚህ በፊት ይጠቀሙበት፤ ክፍሎቹን ማጥፋት ብቻውን የቀድሞውን ሰው ፋይል ከዲስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ አይፍቅም።

የፈቃድ ቁልፍ ሲጠየቁ «የለኝም» የሚለውን ይምረጡና ላፕቶፑ መጀመሪያ የመጣበትን ዓይነት፣ ሆም ወይም ፕሮ፣ ይጫኑ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አምራቾች ቁልፉን ማዘርቦርዱ ውስጥ ያስቀምጡታል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፕሮ ይዞ ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ በአብዛኛው ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይነቃል። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ የራሱ ሕጋዊ ፈቃድ ውስጡ ያለ ላፕቶፕ ላይ ክራክ እየተጫነ ይሸጣል።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሲመጡ ዋይፋዩን ያገናኙ። የድርጅት ስም ከወጣ ገጹን ፎቶ አንሥተው ደረሰኙን ይዘው ወደ መደብሩ ይመለሱ። ካልወጣ ጭነቱን ይጨርሱ፣ ማሻሻያዎቹን ሁሉ ያስገቡ፣ ድራይቨርና የባዮስ ማሻሻያ ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ከዚህ በኋላ ኢሜይልዎንና የባንክዎን ገጽ ያስገቡ። ዲስኩን የሚያመሠጥረው «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ወይም «ቢትሎከር» መብራቱን አይተው የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉና ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪ ያስቀምጡት።